ከወንዝ ውሃ እስከ ባለቀለም ጋሎን፦ ራዲያተር የጠጣው ሁሉ ታሪክ



«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ ለወንዝ የተነገረ ቢሆንም፣ እኔ ትርጉሙ በደንብ የገባኝ በስደት አገር፣ በአንድ የጥር ሌሊት፣ በመኪና ራዲያተር ምክንያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዋሽንግተን አካባቢ በገባሁበት የመጀመሪያ ዓመት አንዲት ያገለገለች መኪና ገዝቼ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው እመላለስባት ነበር። በበጋው የራዲያተሯ ውሃ እየጎደለ ሲያስቸግረኝ ከቧንቧ እየቀዳሁ ሞላሁላት። ማን አስተማረህ ብትሉኝ አጎቴ ነው። አጎቴ በደሴ መንገድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ጣርማበርን ሲወጣ ሞተሩ ከጋለ መኪናውን ዳር ያስይዛል፤ ረዳቱ ጀሪካን ይዞ ወደ ምንጭ ይሮጣል፤ መኪናው ጠጥቶ ጉዞው ይቀጥላል። እኔም ይህችን የአጎቴን ሙያ ይዤ ባሕር ተሻገርኩ።

ጥር ገባና ብርዱ ከዜሮ በታች ወረደ። ጠዋት ቁልፉን ባዞር ሞተሩ አልነሳም አለ። ቀኑ ሞቅ ሲልና በረዶው ሲቀልጥ ውሃው ከሞተሩ ጎን እየተንጠባጠበ ወረደ። መካኒኩ ስንጥቁን በጣቱ አሳየኝና ራሱን ነቀነቀ። የማሠሪያው ዋጋ ከመኪናዋ ዋጋ በልጦ ተገኘ፤ ሁለተኛው ሥራዬም ከመኪናዋ ጋር ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ነው «ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ይህ ነገር ከየት መጣ?» ብዬ ታሪኩን ማገላበጥ የጀመርኩት። ያገኘሁትን ለወገኖቼ ላካፍል፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁሉም ነገር በውሃ ተጀመረ

የሞተር ጥም ከመኪና ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በነሐሴ 1888 ቤርታ ቤንዝ የምትባል ጀርመናዊት፣ ባለቤቷ ካርል ቤንዝ የሠራትን ባለ ሦስት እግር መኪና ሳታስፈቅድ ይዛ፣ ሁለት ወንዶች ልጆቿን አሳፍራ ከማንሃይም ወደ ፕፎርትስሃይም ተጓዘች። መንገዱ ከመቶ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የዚያች መኪና ሞተር የሚቀዘቅዘው ውሃው ፈልቶ በእንፋሎት ሲወጣ ስለነበር፣ እናትና ልጆች በየመንገዱ ከጉድጓድና ከወንዝ እየቀዱ ይሞሉላት ነበር። ረጅም መንገድ በመኪና በመጓዝ በዓለም የመጀመሪያዋ የሆነችው ሴት ሥራዋ የአጎቴ ረዳት ሥራ ነበር ማለት ነው።

ከ12 ዓመት ያህል በኋላ ቪልሄልም ማይባኽ የተባለው መሐንዲስ ለ1901ዱ መርሴዲስ እንደ ማር እንጀራ ብዙ ቀዳዳ ያለው ራዲያተር ሠራ። ነፋስ በትንንሾቹ ቀዳዳዎች እያለፈ ውሃውን ስለሚያቀዘቅዘው፣ ያው ውሃ ደግሞ ደጋግሞ መሥራት ቻለ። ዛሬም የምንነዳቸው መኪኖች የሚቀዘቅዙት በዚሁ ዘዴ ነው።

ውሃ ሙቀትን ተሸክሞ በመውሰድ የሚስተካከለው ፈሳሽ ጥቂት ነው፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ነገር ግን ሦስት ጠንቅ አለበት። ብረት ያዝጋል። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ከፍታ ሲጨምር ደግሞ ቀደም ብሎ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ ጣርማበር ላይ በ90 ገደማ። አጎቴ ዳገቱ ላይ ይቸገር የነበረው በጭነቱ ብቻ አልነበረም። ሦስተኛው ጠንቅ የእኔን መኪና የበላው ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን በመቶ 9 እጅ ያህል ይሰፋል፤ ያን ጊዜ ብረትም ቢሆን አይችለውም።

ማርም ቀመሰ፣ ጨውም ቀመሰ

የሰሜን አገር ሰዎች ይህን ብርድ ለማሸነፍ ያልሞከሩት ነገር የለም። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ራዲያተር ውስጥ ጨው የጨመረ ነበር፤ ብረቱን በላው። ስኳርና ማር የጨመረ ነበር። ነጭ ጋዝ የሞላም ነበር፤ እሱ ደግሞ የጎማ ቱቦውን አበላሸ፣ ለእሳትም አጋለጠ። ብዙው ሰው የተጠቀመው በአልኮል ነው። አልኮል በረዶን በደንብ ይከላከላል፤ ግን ከእንጨት የሚወጣው በ65 ዲግሪ፣ የመጠጡ ዓይነት በ78 ዲግሪ ስለሚፈላ ሞተሩ ሲሞቅ በኖ ይጠፋል። ባለመኪናው ማታ የሞላውን አልኮል ከነገ ወዲያ ላያገኘው ይችላል። ክረምቱን ሙሉ መለካትና መጨመር ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከኬሚስቶች ቤት ነው። ፈረንሳዊው ቻርል አዶልፍ ቩርትዝ በ1850ዎቹ ኤትሊን ግላይኮል የሚባለውን ቀለም የሌለውና ጣፋጭ የሆነ ወፍራም ፈሳሽ አዘጋጅቶ ነበር። ለረጅም ዘመን ብዙ ፈላጊ አላገኘም፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለፈንጂ መሥሪያ ዋለ። ከጦርነቱ በኋላ በብዛት መመረት ሲጀምር፣ በ1927 ፕሬስቶን በሚል ስም ለመኪና ባለቤቶች ገበያ ላይ ዋለ። እንደ አልኮል አይበንም፤ ስለዚህም ሻጮች «ቋሚ አንቲፍሪዝ» አሉት።

አንባቢዬ ሆይ፣ ይህችን «ቋሚ» የምትል ቃል ልብ ይሏል። ቋሚ የሆነው ግላይኮሉ ከራዲያተር አለመብነኑ ነው እንጂ ጥቅሙ አይደለም። ብረትን ከዝገት የሚጠብቁት አብረው የሚጨመሩት ቅመሞች በጊዜ ብዛት ያልቃሉ። ፈሳሹ ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ ጥበቃው ግን የለም። ስሙን አምነው ሳይቀይሩ የኖሩ ሰዎች ስንቱን ራዲያተር በዝገት እንደደፈኑ እግዜር ይወቀው።

«ንጹሑን ብሞላ አይሻልም?» የሚልም አለ። አይሻልም። ውሃ ያልተቀላቀለበት ግላይኮል ከዜሮ በታች በ13 ዲግሪ ገደማ ይረጋል፤ ግማሽ በግማሽ ከውሃ ጋር ሲቀላቀል ግን እስከ 37 ከዜሮ በታች ይቋቋማል። ሙቀት ተሸክሞ በመውሰድም ድብልቁ ከንጹሑ ይበልጣል። የእንግሊዞቹ የጦር አውሮፕላን ሞተር ሜርሊን መጀመሪያ በንጹሕ ግላይኮል ይቀዘቅዝ ነበር፤ በኋላ ግን ወደ 70 እጅ ውሃና 30 እጅ ግላይኮል ተለወጠ።

የቀለም ነገር

ግላይኮል ቀለም የለውም ብለናል። አረንጓዴውን፣ ብርቱካናማውን፣ ሮዙን ቀለም የሚጨምርበት አምራቹ ነው። ለብዙ ዘመን በአሜሪካ የሚሸጠው ባብዛኛው አረንጓዴ ስለነበር ሰው «አረንጓዴ ሙላ» ማለትን ለመደ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ጄኔራል ሞተርስ ዴክስኩል የተባለውን፣ በሌላ ዓይነት ቅመም የተሠራ ብርቱካናማ ፈሳሽ በመኪኖቹ አስገባ፤ ለ5 ዓመት ያገለግላል ተባለ። በኋላ ብዙ ባለመኪኖች ሞተራችን አተላ ሞላው፣ ማሸጊያው ተበላ ብለው ከሰሱ፤ ጉዳዩ በ2008 በስምምነት አለቀ።

ልዩነቱ የአህጉርም ነው። በብዙ የአውሮፓ አገሮች የቧንቧው ውሃ ኖራ ስለሚበዛበት እዚያ ፎስፌት የሌለበትን ይመርጣሉ። ጃፓኖች ደግሞ የውሃ ፓምፕ ማሸጊያ እንዳይበላ ሲሊኬት የሌለበትን ወደዱ፤ ፎስፌቱን ግን ይቀበሉታል። ከዚህ የተነሳ የቶዮታ ሮዝና የቮልስዋገን ሮዝ በዓይን ቢመሳሰሉም አንድ አይደሉም። ቀለምን ለሁሉም አምራች የሚደነግግ የጋራ ሕግ የለም። በቀለም መምረጥ ማለት ሰውን በኮቱ መመዘን ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ታሪኩ የሚያስተምረን ይህን ነው።

መጀመሪያ፣ ቀለሙን ትተን መጽሐፉን እናንብብ። ከመኪናው ጋር የመጣው መጽሐፍ የሚፈልገውን ዓይነት በስሙ ይጽፈዋል፤ ያው ስም በጋሎኑ ጀርባ መኖር አለበት። «የተቀላቀለ» የሚለው እንዳለ ይሞላል፤ ያልተቀላቀለው ግን ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውሃ ጋር እንጂ ከቧንቧ ውሃ ጋር አይሁን።

ሁለተኛ፣ የጋለ ራዲያተር አይከፈት። ክዳኑ ውስጡን አፍኖ ስለሚይዝ ፈሳሹ ከ120 ዲግሪ በላይ ሆኖም ላይፈላ ይችላል፤ በከፈትነው ቅጽበት ግን ፈልቶ ፊት ላይ ይፈነዳል። ሞተሩ በደንብ እስኪበርድ ጠብቆ፣ በፕላስቲኩ ማጠራቀሚያ ላይ ባሉት በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል መሙላት ነው።

ሦስተኛ፣ በየሳምንቱ የሚጎድል ከሆነ መጨመር መፍትሔ አይደለም። ወይ ቱቦ ያንጠባጥባል፣ ወይ ፓምፑ፣ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቷል። እኔ በበጋው ይህን ብጠይቅ ኖሮ ጥር ባልጎዳኝ። መንገድ ላይ ችግር ከገጠመ ውሃ ጨምሮ ቤት መድረስ ይቻላል፤ ብርድ ሳይመጣ ግን ፈሳሹ ተስተካክሎ መሞላት አለበት።

አራተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ይህ ፈሳሽ ይጣፍጣል፤ ይገድላልም። ጥቂቱ እንኳ ኩላሊትን ያበላሻል፤ ሕፃንና ውሻ ደግሞ ጣፋጭ አይምርም። የኦሪገን ክፍለ ግዛት በ1991 መራራ ነገር እንዲጨመርበት ሕግ አወጣ፤ በ2012 መጨረሻ አምራቾቹ በመላው አሜሪካ ለችርቻሮ በሚሸጡት ላይ ሊጨምሩ ተስማሙ። መራራው ግን መርዙን አያረክሰውም። የፈሰሰው ይታጠብ፤ የተረፈው በለስላሳ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ ልጅ የቀመሰ መስሎ ከታየን ምልክት ሳንጠብቅ ወደ ሐኪም እንሩጥ።

በባሕረ ሰላጤው አገር ያላችሁ ወገኖቻችን «እዚህ በረዶ የለም» አትበሉ፤ ድብልቁ መፍላትንም ዝገትንም ይከላከላል። መኪና ወደ አገር ቤት የምትልኩም ለሚረከበው ዘመድ የፈሳሹን ስም በወረቀት ጽፋችሁ ላኩለት።

አጎቴ አልተሳሳተም፤ በዘመኑና በመንገዱ ያገኘውን አጠጣ። ስህተቱ የእኔ ነው፤ አገር ለውጬ ልማዴን ሳልለውጥ ቀረሁ። በዚህ በስደት አገር መኪና ለብዙዎቻችን የእንጀራ ገመድ ነውና፣ ከመጪው ብርድ በፊት ኮፈኑን ከፍታችሁ አንድ ጊዜ ተመልከቱ።

መንገዱን የቀና ያድርግልን።