የሚያገረሽ ወባና የታካሚው ዘር፦ ጅማና አካባቢው

እ.ኤ.አ. በ2009 ማላሪያ ጆርናል ከጅማ ዞን ሰርቦ ከተማ የተገኘ አንድ ጥናት አሳተመ። ጥናቱ ክሎሮኪንን የተላመደ የቫይቫክስ ወባ በከተማይቱ መታየቱን የሚገልጽ ነበር። ከሰርቦ እስከ አጋሮና ሊሙ ባለው የቡና አገር የለቀማው ወራት ከክረምት ማግሥት ከሚነሣው ዋናው የወባ ወቅት ጋር ይገጣጠማል። በዚህ ጊዜ ታክሞ የሄደ ለቃሚ ዳግመኛ ትኩሳት ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ ሲመለስ የሚያጣው የዓመቱን ገቢ ነው። «መድኃኒቱን አልጨረሱም» ብሎ መመለሱ ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜም ይደረጋል። ይሁን እንጂ ጥፋቱ የታካሚው ላይሆን ይችላል። ተውሳኩ መድኃኒቱን ተላምዶ፣ ወይም በጉበት ተኝቶ የቆየው ነቅቶ ሊሆን ይችላል። ታካሚው ከወላጆቹ የወረሰው የሰውነት ጠባይም ድርሻ አለው፤ የሳይንስ ዓለም ይህን የተረዳው ቀስ በቀስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ በቀይ የደም ህዋስ ላይ ዳፊ የተባለው ፕሮቲን የሌላቸው ሰዎች ቫይቫክስን እንደሚቋቋሙ አሳዩ። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ቫይቫክስ እምብዛም የማይገኝበት ምክንያት በዚህ ተብራራ። ኢትዮጵያ ግን ከዚህ ሥዕል ወጣ ያለች አገር ናት፤ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ጎን ለጎን ይኖሩባታልና። ማቲውስና አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1981 የዳፊ የደም ዓይነትና የቫይቫክስ ወባ በኢትዮጵያ ያላቸውን ዝምድና መርምረው አሳተሙ። ለዳፊ መጥፋት መነሻው በጂኑ መቆጣጠሪያ ክፍል ላይ ያለ የአንዲት ፊደል ለውጥ መሆኑ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1995 ነው።

ከዚያ በኋላ ጥበቃው ፍጹም ነው የሚለው እምነት ተናጋ። እ.ኤ.አ. በ2010 ከማዳጋስካር፣ በ2015 ደግሞ ከጅማና ከቦንጋ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ዳፊ የሌላቸው ሰዎችም በቫይቫክስ ተይዘው ተገኙ። በመጨረሻው ጥናት የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተሳትፈውበታል። ስለዚህ የታካሚውን የዘር ሐረግ አይቶ «ይህስ ቫይቫክስ አይደለም» ማለት የሚያዋጣ አይደለም።

የሕክምናው ታሪክ ደግሞ ከዚህ የከበደ ነው። በጉበት የተኛውን ተውሳክ የሚያጠፋው ፕሪማኪን በአሜሪካ በኢሊኖይ ስቴትቪል እስር ቤት በእስረኞች ላይ ሲሞከር በአንዳንዶቹ ቀይ የደም ህዋሳት ተፈራረሱ። በእስረኛ ላይ እንዲህ ያለ ሙከራ ማካሄድ ዛሬ የሚያስወቅስ ነው፤ ዕውቀቱ የተገኘው ግን ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ካርሰንና ባልደረቦቹ ምክንያቱ የጂ-6-ፒ-ዲ ኢንዛይም እጥረት መሆኑን አስታወቁ። እጥረቱ በኤክስ ክሮሞሶም የሚወረስ በመሆኑ በወንዶች ላይ ጎልቶ ይታያል። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ከባዱ ዓይነት ብርቅ ሲሆን በጋምቤላ ከዚያ ይበልጣል፤ ሆኖም ብርቅ መሆኑ ከፊት ለተቀመጠው አንድ ታካሚ ዋስትና አይሆንም።

ፕሪማኪን በራሱ አይሠራም፤ ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ-2ዲ6 በተባለ ኢንዛይም መለወጥ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ኢንዛይሙ ደካማ የሆነባቸው ሰዎች ፕሪማኪንን በሙሉ ወስደው ወባው እንዳገረሸባቸው ገለጸ። ለኢትዮጵያ ነገሩ ባዕድ አልነበረም። ከዚያ 17 ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1996፣ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ 122 ኢትዮጵያውያንን መርምረው 29 በመቶ የሚሆኑት ይህን ጂን ተባዝቶ እንደሚይዙ አሳይተው ነበር። ይህ ኢንዛይሙ እጅግ ፈጣን የሆነባቸው ሰዎች መብዛታቸውን ያመለክታል፤ ደካማ ኢንዛይም ያላቸው የሉም ማለት ግን አይደለም።

ሰርቦ ላይ ተመልሶ የመጣውን ለቃሚ የሚመረምረው ባለሙያ በማይክሮስኮፕ የሚያየው ተውሳኩን ብቻ ነው። መድኃኒቱን የተላመደው፣ ከጉበት የነቃው፣ ትናንት አዲስ ትንኝ ያመጣችው ሁሉም በመስታወቱ ላይ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው።