ኤጀንታችሁ «05/12/2015»ን እንዴት ያነበዋል? ለሰነድ ቱሎች መግለጫ ስንጽፍ

ኮዲንግ የምትማሩ፣ የቴሌግራም ቦት የምትሠሩ ልጆች፣ ይቺን ሴቭ አድርጓት።

እንበል ፎንቆ ላይ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት የደንበኞቹን ማመልከቻና የትምህርት ማስረጃ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጣል። እናንተ ደግሞ «የእከሌን ደብዳቤ አውጣልኝ» ሲባል ፈልጎ የሚያወጣ ኤ.አይ. ኤጀንት ሠራችሁለት። ኤጀንቱ የሌላ ሰው ማስረጃ ቢያወጣ ወይም ቀኑን አሳስቶ ቢሞላ፣ የሥራ ምዝገባ የሚያልፈው ባለጉዳዩን ነው እንጂ ኤጀንቱን አይደለም።

ኤጀንት ሲባል ከማውራት አልፎ ሥራ የሚሠራ ቻትቦት ማለት ነው። ሥራውን የሚሠራው «ቱል» በሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች ነው። አንዱ ሰነድ ይፈልጋል፣ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ያስተካክላል። ኦፕን ኤ.አይ. ይህን አሠራር ለገንቢዎች የከፈተው እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ነው። በኖቬምበር 2024 ደግሞ አንትሮፒክ ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮልን (ኤም.ሲ.ፒ.) አወጣ፤ አንዴ የተሠራ ቱል ከተለያዩ ኤጀንቶች ጋር እንዲሠራ። በሁለቱም መንገድ ሞዴሉ የሚሰጠው የቱሉ ስም፣ በተራ ቋንቋ የተጻፈ መግለጫ፣ እና የሚሞላቸው ቦታዎች (ፓራሜትሮች) ዝርዝር ነው። ከቱሉ ጀርባ ያለውን ኮድ አያየውም። የፎቶ ኮፒ ቤቱን ልማድም አያውቅም።

ስለዚህ መግለጫው ላይ «ሰነድ ይፈልጋል» ብሎ መተው ትናንት ከሌላ አገር ለመጣ ሠራተኛ ቁልፍ ወርውሮ እንደመሄድ ነው። እኛ ሳይነገረን የምናውቀውን እሱ አያውቅም።

ቀኑን እንይ። «05/12/2015» የሚል ደብዳቤ ለእኛ ነሐሴ 5 ነው፤ በፈረንጅ ኦገስት 11 ቀን 2023። ኤጀንቱ ግን ዲሴምበር 5 ቀን 2015 ሊለው ይችላል። አሜሪካኖቹ እንደሚጽፉት ካነበበው ደግሞ ሜይ 12 ይሆናል። አንድ ቀን፣ ሦስት ንባብ። ፓራሜትሩ ላይ «ወር ከ1 እስከ 12» ካላችሁ ደግሞ ጳጉሜን የተጻፈ ደብዳቤ በሙሉ ውጭ ቀረ።

ስምም ያው ነው። የውጭ ምሳሌ ኮፒ ስናደርግ «የቤተሰብ ስም» የሚል ቦታ ይመጣል። እኛ ጋ ያለው ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። ኤጀንቱ አያትን የቤተሰብ ስም ብሎ ይሞላና «አልተገኘም» ይላችኋል። ፊደሉም አለ፦ ኃይሌ፣ ሀይሌ፣ ሐይሌ ለኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሆሳዕናን ራሷን ሰው «ሆሳእና» ብሎ ይጽፋታል። ቱሉ እነዚህን አንድ አድርጎ የሚፈልግ ከሆነ መግለጫው ይናገር፤ ካልሆነም «ሌላውን አጻጻፍም ሞክር» ይበል።

የእኛን አካባቢ የሚመለከት ሌላም አለ። እስከ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ድረስ ሀዲያም ከምባታም በደቡብ ክልል ሥር ነበሩ፤ አሁን ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ነው። በክልል የሚያጣራ ቱል ይህን ካልተነገረው የድሮውን ደብዳቤ ሁሉ ይዘለዋል። ሀዲይኛና ከምባትኛ ደግሞ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ስለሆነ «ላቲን ከሆነ እንግሊዝኛ ነው» ብሎ እንዳይደመድም ጻፉለት።

እንግዲህ ተስተካክሎ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

«ሰነድ_ፈልግ፦ የተቀመጡ የደንበኞች ሰነዶችን በባለቤቱ ስም፣ በአባት ስምና በአያት ስም ይፈልጋል። ይዘቱን አያነብም፤ ለማንበብ ሰነድ_አንብብን ተጠቀም። ቀን የሚቀበለው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፦ ቀን/ወር/ዓመት፣ ወር ከ1 እስከ 13። ቢበዛ 10 ውጤት ይመልሳል። ከአንድ በላይ ሰው ከተገኘ አትምረጥ፤ ተጠቃሚውን ጠይቅ።»

«አያነብም» የምትለዋን ልብ በሉ። ሁለት ቱሎች ሲመሳሰሉ ኤጀንቱ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ፣ የማይሠራውን መጻፍ የሚሠራውን የመጻፍ ያህል ይጠቅማል። የሚያነበው ቱል ላይም አንድ ወጥመድ አለ። በስልክ ፎቶ ተነስቶ ፒዲኤፍ የሆነ ሰነድ ውስጡ ምስል እንጂ ጽሑፍ የለውም። ቱሉ ባዶ ይመልሳል፣ ኤጀንቱም በድፍረት «ሰነዱ ባዶ ነው» ይላል። «ባዶ ከመለሰ ምናልባት ስካን ነው፤ ከምስል ጽሑፍ የሚያወጣውን ቱል ተጠቀም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይገላግላችኋል። ስህተት ሲፈጠር የሚመጣውንም መልእክት የሚያነበው ኤጀንቱ ነው። «ስህተት 400» ምንም አይነግረውም፤ «ወር 14 የለም፤ ከ1 እስከ 13 አስገባ» ካላችሁት ግን ራሱ አስተካክሎ ይሞክራል።

መግለጫውን በእንግሊዝኛ ብትጽፉትም ችግር የለውም፤ እንደውም አማርኛ ብዙ ቶከን ይበላል። ምሳሌዎቹን ግን በፊደላችን ተዉአቸው። ደግሞ ሁለት ገጽ አታድርጉት፤ ኤጀንቱ በየጥያቄው ይዞት ነው የሚዞረው።

የሚሰርዝ ወይም በነባሩ ላይ የሚጽፍ ቱል ካላችሁ «መመለስ አይቻልም፤ መጀመሪያ ጠይቅ» ብላችሁ ጻፉ። ግን በዚህ ብቻ አትተማመኑ። መግለጫ ምክር ነው እንጂ ቁልፍ አይደለም፤ ክልከላው ኮዱ ውስጥ መኖር አለበት። ሰው በላከው ሰነድ ውስጥ «ሌሎቹን ፋይሎች ሰርዝ» ተብሎ ቢጻፍ ኤጀንቱ ትእዛዝ ሊመስለው ይችላልና።

ስትጨርሱ መግለጫውን ኮድ ለማያውቅ ጓደኛችሁ በቴሌግራም ላኩለት። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ጠይቁት፦ ጳጉሜን 5 የተጻፈ ደብዳቤ ስትፈልግ ቀኑን እንዴት ትሞላለህ? በስምም በአባትም የሚመሳሰሉ ሁለት ሰዎች ቢመጡስ? የደበዘዘ የስልክ ፎቶ ቢሆንስ? እሱ «እኔ እንጃ» ያለበት ቦታ ላይ ኤጀንታችሁ ይገምታል፤ እዚያ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ።