መቶ ዲርሃም፣ መቶ ወፍ

ማታ ቤተሰብ ተሰብስቦ እንቆቅልሽ ሲጠያየቅ ቁጥር ያለበት ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ዛሬ የምናወጋችሁ እንዲህ ያለውን ጨዋታ ከቁም ነገር ቆጥረው መጽሐፍ ስለጻፉለት ግብጻዊ ሊቅ ነው።

አቡ ካሚል ሹጃዕ ኢብኑ አስለም ይባላሉ። እ.ኤ.አ ከ850 እስከ 930 ገደማ የኖሩ ሲሆን፣ ከአል-ኸዋሪዝሚ በኋላ በአልጀብር ስማቸው ከሚነሣ ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ናቸው። አል-ኸዋሪዝሚ አልጀብርን ያዘጋጁት ለውርስ ክፍፍል፣ ለንግድና ለመሬት ልኬት እንዲያገለግል ነበር። አቡ ካሚል በዚያ ላይ ብዙ ጨምረዋል፤ ሆኖም «ኪታብ አጥ-ጠይር»፣ ማለትም የወፎች መጽሐፍ፣ የተባለች ትንሽ ድርሳንም ጽፈዋል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። በ100 ዲርሃም 100 ወፍ ግዛ ትባላለህ። ዳክዬ አንዷ 5 ዲርሃም፣ ዶሮ አንዷ 1 ዲርሃም፣ ድንቢጥ ሃያው በ1 ዲርሃም ነው። ከሦስቱም ዓይነት መግዛት ግድ ነው።

እስቲ ሁሉንም ዶሮ ገዛን እንበል፤ ገንዘቡም ወፉም 100 ሞላ። አንዷን ዶሮ በዳክዬ ብንለውጥ ወጪው በ4 ዲርሃም ይጨምራል። ሃያ ዶሮ በሃያ ድንቢጥ ብንለውጥ ደግሞ 19 ዲርሃም ይተርፈናል። ጭማሪውና ትራፊው እኩል የሚሆኑት መጀመሪያ 76 ላይ ነው፤ ይኸውም 19 ዳክዬና 80 ድንቢጥ። የቀረችው አንዲት ዶሮ ናት። ሌላ መልስ የለውም።

አቡ ካሚል በመግቢያቸው እንደሚነግሩን፣ ይህን ዓይነት ጥያቄ የተማረውም ያልተማረውም ለመዝናናት ይጠያየቀው ነበር። ሰዎቹ ግን በግምት አንድ መልስ ካገኙ ያቆማሉ፤ ሌላ መልስ ይኖር እንደሆነ የሚፈትሹበት ደንብ አልነበራቸውም። እርሳቸው አንዱን ጥያቄ ሲመረምሩ 2,676 መልስ አገኙለት። ይህን ሲናገሩ ሰው ተገረመ፤ የማያውቃቸውም ተጠራጠራቸው። መጽሐፉን የጻፉት በዚህ ምክንያት ነው። በዘመናችን ሲቆጠር መልሱ 2,678 ሆኗል። ያለ ማሽን ሠርተው ሁለት ብቻ ነው የጎደላቸው፣ ሱብሓነላህ! ምንም መልስ የሌለው ጥያቄም በመጽሐፉ አለ፤ ለልጅ እርሱም ጥሩ ትምህርት ነው።

የቁጥር ጨዋታ ሁሉ ግን እንዲህ ንጹሕ ሆኖ አልቀረም። ከ1 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች ሦስት በሦስት በሆነ ሰንጠረዥ ገብተው በየትኛውም መስመር 15 የሚሆኑበትን ጨዋታ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ ከ940 እስከ 998 የኖሩት አቡል ወፋ አል-ቡዝጃኒ ስለዚህ ዓይነት ሰንጠረዥ አሠራር በሒሳብነቱ ጽፈዋል። ኋላ ግን ሌሎች ክታብ አደረጉት፤ በአገራችንም በክታብ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ልጅ በእርሳስ ሲሞላው ጨዋታ ነው። በሽታ ያድናል ተብሎ አንገት ላይ ሲታሰር ግን ነገሩ ሌላ ሆነ፤ ቁጥሩ ከመደመር በቀር የሚያደርገው የለም። ገንዘብ ከተያዘበትም ቁማር ነው።

የወፎቹ ጥያቄ በቻይና ከአቡ ካሚል በፊት፣ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ተጽፎ ይገኛል። ጣሊያናዊው ፊቦናቺም እ.ኤ.አ በ1202 በጻፈው መጽሐፍ አስገብቶታል። የእርሱ እንዲህ ይላል፦ በ30 ዲናር 30 ወፍ ግዛ። ጅግራ አንዷ 3 ዲናር፣ እርግብ አንዷ 2 ዲናር፣ ድንቢጥ ሁለቱ በ1 ዲናር። ከሦስቱም መኖር አለበት፣ መልሱም አንድ ብቻ ነው። ይህን ለልጆቹ ትተንላቸዋል።