ጣሳው ላይ ያለው ዓመት የማን ነው?

እኛ ዘንድ ጣሳ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበን መስፈሪያው ነው፤ በርበሬውም ሽሮውም በጣሳ ይለካል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከዋግ ተነሥተው በእግራቸው ኮረም ድረስ የሄዱ እናቶቻችን የእርዳታው ዘይት ሲያልቅ ቆርቆሮውን አልጣሉትም፤ ውኃ ቀዱበት፣ እህል አኖሩበት። በላዩ የታተመውን ቁጥር ማን ያነብ ነበር? ያን ጊዜ ጥያቄው ደረሰን ወይስ አልደረሰን ነበር።

ምግብ አሽጎ ማቆየት የታሰበው ለወታደር ስንቅ ነው። ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር ምግቡን በጠርሙስ ከድኖ በፈላ ውኃ በመቀቀል ሳይበላሽ እንዲቆይ ስላደረገ እ.ኤ.አ. በ1810 ከአገሩ መንግሥት 12,000 ፍራንክ ተሸለመ። በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር ፒተር ዱራንድ በቆርቆሮ ለማሸግ የባለቤትነት መብት አገኘ። መክፈቻ ግን ገና አልተሠራም ነበርና ጣሳው የሚከፈተው በመሮና በመዶሻ ነበር። ምግቡ ለምን እንደማይበላሽም አፔር አላወቀም፤ ሙቀቱ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያንን እንደሚገድል ሉዊ ፓስተር ያስረዳው ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ጣሳ ላይ ለብዙ ዘመን ገዢ የሚያነበው ቀን አልነበረም፤ ፋብሪካው ለራሱ የሚገባውን ምልክት ብቻ ያትም ነበር። በአሜሪካ ግልጽ ቀን የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ ሸማቾች ስለጠየቁ ነው። ቀኑም ሁልጊዜ አንድ ነገር አይናገርም። በብዙ ጣሳ ላይ ያለው «እስከዚህ ድረስ ጣዕሙና ጥራቱ አይጓደልም» የሚል የፋብሪካው ግምት ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 ሚዙሪ ወንዝ ውስጥ ከሰጠመች በርትራንድ ከምትባል መርከብ የወጡ የታሸጉ ምግቦች ከ109 ዓመት በኋላ ሲመረመሩ ተሕዋስያን አልተገኘባቸውም፤ መልካቸውና ሽታቸው፣ ቫይታሚን ሲያቸውም ግን ጠፍቶ ነበር። የሕፃናት የዱቄት ወተት ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ላይ ቀኑ ካለፈ አለፈ፣ ልጁ የሚያገኘው ምግብ ይጎድላልና።

ይህን ሁሉ ያስፈተሸን የራሳችን ኪሳራ ነው። በ2017 ዓ.ም. ክረምት ለሻይ ቤታችን ሁለት ካርቶን የቲማቲም ድልህ በርካሽ ገዛን። ጣሳው ላይ 12/2023 ይላል። እኛም «ነሐሴ 2023፣ ገና ስድስት ዓመት አለው» ብለን ደስ አለን። የአንዲት አባላችን ልጅ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ አየችውና «እማዬ፣ ይኼ የፈረንጅ ነው» አለች። የፈረንጅ 12ኛ ወር 2023 በእኛ ታኅሣሥ 2016 ነው። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ጨምረን ነበር ያነበብነው።

ከዚያ ክርክር ሆነ። ሦስቱ ጣሳዎች አብጠው ነበር፤ በእነሱ ላይ የተከራከረ የለም፣ ሳይከፈቱ ጉድጓድ ገቡ። ያበጠ ጣሳ ውስጥ ተሕዋስያን እየሠሩ ሊሆን ይችላል፤ የቦቱሊዝም መርዝ ደግሞ ቀምሰው አይለዩትም። የቀረው ግን ደህና ይመስላል። ርሃብ ያዩ እናቶች «ምግብ አፈር ውስጥ አይጣልም፣ ነውር ነው» አሉ። ልክ ናቸው፤ አፋቸውን የሚዘጋ መልስ አልነበረንም። ሌሎቻችን ቲማቲም ኮምጣጣ ስለሆነ ብረቱን ውስጥ ውስጡን እንደሚበላ፣ ከሥጋና ከባቄላ ጣሳ ቀድሞ እንደሚበላሽ፣ ቀኑ ያለፈበትን ምግብ መሸጥም ሕግ እንደሚከለክል ተናገርን። ለራሳችን ቤት ቢሆን ኖሮ ምናልባት እናቶቻችን ያሸንፉ ነበር። ለሚከፍለን ሰው ግን አናቀርብም ብለን ሁሉንም ቀበርነው።

አሁን በመጋዘኑ በር ላይ ልጅቱ የጻፈችው ወረቀት ተለጥፏል፦ ከጥር እስከ ነሐሴ 8 ዓመት ቀንሱ፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ 7። ወሩንም መልሱ።

ነጋዴውን ሄደን ጠየቅነው። ካርቶኑን ገልብጦ ቁጥሩን አየና ዝም አለ። «እኔም በእኛው ነበር ያነበብኩት» አለን፣ ግማሹንም ገንዘብ መለሰ።