ጊዜ ጠባቂው ድንጋይ፦ ከብራዚል ማዕድን እስከ ኪስ ስልክ

ዘመኑ 1943 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከአሜሪካ ፋብሪካዎች ተፈትሸው «ደህና ናቸው» ተብለው የወጡ የጦር ሬዲዮ ክሪስታሎች ከወራት በኋላ መሥራት ማቆም ጀመሩ። ሙቀትና እርጥበት በበዛበት አካባቢ የነበሩት ደግሞ ባሰባቸው። ሬዲዮው አልተመታም፤ ባትሪውም አላለቀም። የተበላሸው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ስስ የኳርትዝ ቁራጭ ነው። እሱ ከሌለ ግን ታንክ ከታንክ፣ መድፈኛው ከእግረኛው ጋር መነጋገር አይችልም።

አንድ ትልቅ ጦር በአንዲት ጠጠር ላይ እንዴት ተንጠለጠለ?

የማንኛውም ሬዲዮ ልብ ኦሲሌተር ነው። በሰከንድ ውስጥ የተወሰነ ጊዜ ሳያዛንፍ የሚመታ ዑደት ማለት ነው። ላኪውና ተቀባዩ እኩል ካልመቱ አይሰማሙም። የመጀመሪያዎቹ ኦሲሌተሮች ከሽቦ ጥቅልና ከካፓሲተር የተሠሩ ነበሩ። ክራር ፀሐይ ሲያገኘው ቅኝቱ እንደሚላላ ሁሉ፣ እነዚህም ሙቀትና ንቅናቄ ሲነካቸው ከተቃኙበት ይንሸራተታሉ። ኦፕሬተሩ እጁን ከመቃኛው ላይ ማንሳት አይችልም ነበር።

መፍትሔው ከድንጋይ መጣ። በ1880 ዣክና ፒየር ኩሪ የተባሉት ፈረንሳዊ ወንድማማቾች እንደ ኳርትዝ ያሉ ክሪስታሎች ሲጫኑ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጥሩ አገኙ። ተቃራኒውም እውነት ነው፦ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ኳርትዝ ይንቀጠቀጣል። በ1921 አሜሪካዊው ዋልተር ኬዲ ይህን ንዝረት ተጠቅሞ የመጀመሪያውን የኳርትዝ ኦሲሌተር ሠራ። የሃርቫርዱ ጆርጅ ፒርስ ሰርኩቱን አቀለለው፤ በስሙ የሚጠራው ንድፍ ዛሬም በብዙ ቺፖች ውስጥ አለ። በ1927 ዋረን ማሪሰን በቤል ላብራቶሪ የመጀመሪያውን የኳርትዝ ሰዓት ሠራ። በ1930ዎቹም ድንጋዩ በ35 ዲግሪ ከ15 ደቂቃ ገደማ አንግል ከተቆረጠ ሙቀት እምብዛም እንደማይለውጠው ታወቀ።

የአሜሪካ ጦር ከጦርነቱ ዋዜማ የገጠመው ምርጫ ይህ ነበር። ሬዲዮዎቹን ሁሉ በክሪስታል ያስኪድ? ወይስ በድሮው ይቀጥል? የተቃወሙት ሰዎች ምክንያት ቀላል አልነበረም። ለሬዲዮ የሚሆነው ጥሩ ኳርትዝ የሚመጣው ከሞላ ጎደል ከአንድ አገር፣ ከብራዚል ነው። ክሪስታል የሚቆርጡትና የሚሞርዱት ደግሞ በአብዛኛው ጥቂት ትንንሽ ወርክሾፖች ነበሩ። የዓመቱ ምርት 100 ሺህ ገደማ ብቻ ነበር። የደጋፊዎቹ መልስ ግን አሸነፈ፦ በተኩስ መሐል ያለ ወታደር መቃኘት አይችልም፤ ቁልፍ ተጭኖ ጓደኛውን ማግኘት አለበት።

ዋጋው ወዲያው ታየ። ኤስሲአር 508 የተባለው የታንክ ሬዲዮ 10 ቁልፎችና 80 ቻናሎች ነበሩት። ለ80 ቻናል 80 ክሪስታል ያስፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ አንድ ድንጋይ። ይህን በሺዎች በሚቆጠሩ ታንኮች አባዙት። ምርቱ በአስር ሚሊዮኖች ወደሚቆጠር ደረጃ ወጣ። በየከተማው አዳዲስ ፋብሪካዎች ተከፈቱ፤ ከዚያ በፊት ኳርትዝ አይተው የማያውቁ ሴቶች በኤክስሬይ እየለኩ፣ እየቆረጡ፣ እየሞረዱ ሠሩት።

ብልሽቱም የመጣው ከዚያው ጥድፊያ ነው። ክሪስታሉ በሰከንድ 10 ሚሊዮን ጊዜ እንዲመታ ውፍረቱ ከሚሊሜትር አንድ ስድስተኛ ገደማ መሆን አለበት። ሠራተኞቹ ሲሞርዱት ገጹ ላይ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይቀራል። እርጥበት ሲገባበት ብናኙ ይራገፋል፤ ውፍረቱ ይቀየራል፤ ምቱም ይዛባል። መድኃኒቱ የመጨረሻውን ማሳሳት በሞረድ ሳይሆን በአሲድ ማድረግ ሆነ። አሲዱ የቆሰለውን ገጽ አጥቦ ጤነኛውን ድንጋይ ያስቀራል።

ከጦርነቱ በኋላ ሁለት ሥራዎች ቀሩ። የመጀመሪያው ከብራዚል ጥገኝነት መውጣት ነበር። ጀርመናዊው ሪቻርድ ናከን የሠራበትን መንገድ በማሻሻል፣ በወፍራም ብረት ጋን ውስጥ በሙቅ ውሃና በከፍተኛ ግፊት ኳርትዝ ማብቀል ተቻለ። ተፈጥሮ ብዙ ሺህ ዓመት የሚፈጅባትን ፋብሪካው በሳምንታት ይጨርሰዋል።

ሁለተኛው ሥራ 80ውን ድንጋይ ወደ አንድ ማውረድ ነበር። ፈረንሳዊው አንሪ ደ ቤልሲዝ በ1932 ባሳተመው ሐሳብ ላይ የቆመው ሰርኩት፣ ተንሸራታች ኦሲሌተርን ይዞ ምቱን እያካፈለ ከአንድ ክሪስታል ጋር ያመሳክረዋል፤ ሲያዛንፍ ይመልሰዋል። አካፋዩ ቁጥር ሲቀየር ቻናሉም ይቀየራል። በ1970ዎቹ ይህ ሁሉ በርካሽ ቺፕ ውስጥ ሲገባ ክሪስታል የታጨቀበት ሣጥን ዘመኑ አበቃ።

ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት ስልክ የዚያ ልጅ ነው። ሰዓቱን የሚቆጥረው በሰከንድ 32,768 ጊዜ በሚመታ ኦሲሌተር ነው፤ ያ ቁጥር 15 ጊዜ ለሁለት ሲካፈል አንድ ይሆናል። ከኔትወርክ ማማ ጋር ሲነጋገር ደግሞ በ900 ሚሊዮን ምት ውስጥ ከ90 በላይ መሳት አይፈቀድለትም። ክሪስታሉ ብቻውን ይህን ስለማይችል ስልኩ ማማውን እያዳመጠ ራሱን ያርማል። ዛሬ ከኳርትዝ ይልቅ ከሲሊኮን የሚሠሩ፣ ምታቸው በፋብሪካ በትእዛዝ የሚሞላ ኦሲሌተሮችም አሉ። አንዱ ዕቃ ለብዙ ሥራ ይሆናል።

ግን ሁሉን ቻይነት ዕዳ አለው። በ1943 ታንክ ውስጥ አንድ ክሪስታል ቢሞት የሚጠፋው አንድ ቻናል ነው፤ 79ኙ ይቀራሉ። በ2018 አሜሪካ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የኤምአርአይ መሣሪያ ሲገጠም ሂሊየም ጋዝ አፈተለከ። ጥቃቅኖቹ አቶሞች በስልኮች ውስጥ ወዳለው የሲሊኮን ኦሲሌተር ዘልቀው ምቱን አቆሙት። በሰዓት ቆጣሪ ጠንቅ ብዙ አይፎኖች ሙሉ በሙሉ ደረቁ፤ ሌላ ዓይነት ኦሲሌተር ያላቸው ስልኮች ግን ምንም አልሆኑም።

ዛሬ አገሮች ስለ ቺፕና ስለ ማዕድን ሲፋጠጡ ይህ ታሪክ አዲስ አይደለም። የ1940ዎቹ መሐንዲሶች ለወታደሩ ምቾት ሲሉ አገራቸውን በሌላ አገር ድንጋይ ላይ ጥገኛ አደረጉ፤ ምርጫው ትክክል ነበር። ብልህነታቸው ግን ከድል በኋላም ጥገኝነቱን መርሳት አለመፍቀዳቸው ላይ ነው። ድንጋዩን ራሳቸው አበቀሉት፤ ፍላጎቱንም ከ80 ወደ አንድ አወረዱት። ነገሮች ሲቀሉ የማን እጅ ላይ እንደቀለሉ ያልጠየቀ አገር መልሱን የሚያገኘው ሬዲዮው ዝም ባለ ቀን ነው።