የማዕበል ኃይልና የአይላ ደሴት

በባሕር ዳር ቆሞ ማዕበል ዓለቱን ሲመታ የተመለከተ ሰው ይህን ያህል ኃይል በከንቱ መቅረቱ ሳያስደንቀው አይቀርም። ነገር ግን የኃይል መኖርና የኃይል ለሰው ማገልገል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህንንም በምዕራብ ስኮትላንድ የምትገኘው፣ ከ3,000 ጥቂት የሚበልጡ ሰዎች የሚኖሩባት የአይላ ደሴት ታሪክ በሚገባ ያስረዳል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1973 የነዳጅ ዘይት ዋጋ በድንገት በናረ ጊዜ በብሪታንያ ብዙ ሊቃውንት ፊታቸውን ወደ ማዕበል መለሱ። በ1974 የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ሶልተር በማዕበል እየተወዛወዘ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ ንድፍ አወጡ። የመንግሥቱ ጥናት ግን ያተኰረው 2,000 ሜጋዋት በሚያወጣ ታላቅ ጣቢያ ላይ ነበር። ወጪው እጅግ ከባድ ሆኖ ስለ ተገመተ በ1982 የጥናቱ ገንዘብ ተቀነሰ፤ ጣቢያውም ሳይሠራ ቀረ።

የቤልፋስት ኵዊንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግን በትንሹ መጀመርን መረጡ። በአይላ ዓለታማ ዳርቻ የ75 ኪሎዋት መሣሪያ ሠርተው ከ1991 እስከ 1999 ሞከሩት። አሠራሩ የቀጥቃጭን ወናፍ ይመስላል። ማዕበሉ ከታች በኩል ክፍት ወደ ሆነው የኮንክሪት ቤት ሲገባ ውሃው ከፍ ብሎ አየሩን በጠባብ ቀዳዳ ያስወጣዋል፤ ሲመለስ ደግሞ አየሩን መልሶ ይስበዋል። ፕሮፌሰር አላን ዌልስ የፈለሰፉት ተርባይን አየሩ ቢወጣም ቢገባም ዘወትር ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራል።

በ2000 መጨረሻ በዚያው ደሴት ሊምፔት የተባለው የ500 ኪሎዋት ጣቢያ ተከፈተ። ስሙ የተወሰደው ከዓለት ጋር ተጣብቆ ከሚኖር የባሕር ቀንድ አውጣ ነው። ይሁን እንጂ የተገኘው ኃይል ከታሰበው በማነሱ መጠኑ ኋላ ወደ 250 ኪሎዋት ዝቅ አለ። በ2012 ሥራውን አቆመ፤ በ2013ም የሠራው ኩባንያ ተዘጋ።

ታዲያ ጥበቡ ከንቱ ነበርን? አይደለም። በስፔን በባስክ ጠረፍ በሚገኘው በሙትሪኩ ወደብ በ2011 የተከፈተው ጣቢያ በዚሁ አሠራር 16 ትንንሽ ተርባይኖች ይዞ ከዐሥር ዓመት በላይ ሠርቷል። የተሠራውም ወደቡን ከማዕበል ለመከላከል በቆመው ግንብ ውስጥ ነው። በአይላ የኮንክሪቱን ቤት ዋጋ የሚከፍለው ኤሌክትሪኩ ብቻ ነበር፤ በሙትሪኩ ግን ግንቡ ለጀልባዎቹ ሲባል ያስፈልግ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው፣ አዲስ መሣሪያ ለትንሽ ማኅበር ሲታቀድ ስንት ኪሎዋት ይሰጣል ብሎ መጠየቅ ብቻ እንደማይበቃ ነው። ያመጣው ኩባንያ በሄደ ጊዜ ለነዋሪዎቹ ምን ይቀርላቸዋል? ይህም ጥያቄ አስቀድሞ መመለስ ይገባዋል።