ራስን የማጥፋት መዝገባችን፦ ማን ተቆጠረ? በየትኛው ቋንቋስ ተጠየቀ?

ዛሬ የማነሳላችሁ ብዙዎቻችን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምናወራውን ጉዳይ ነው፤ ራስን ማጥፋትን። በተለይም አገራችን ጉዳዩን እንዴት ስትመዘግብ እንደኖረች እናያለን። እንዲህ ያለው ታሪክ ለወላጅም ለታማሚም ይጠቅማል።

ለረጅም ጊዜ በወረቀት ላይ የሰፈረው በዋናነት ፖሊስ ጣቢያና ሆስፒታል የደረሰው ነበር። ሌላውን ቤተሰብ ደብቆ ይይዘዋል። በነባሩ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግም፤ በእስልምናም ድርጊቱ ከባድ ኃጢአት ነው። ስለዚህ ለለቀስተኛው «ድንገት አሞት ነው» ይባላል።

ይህን ዝምታ ከሰበሩት አንዱ በቡታጅራ ቤት ለቤት የተደረገው ጥናት ነው። እነ ዶ/ር አታላይ ዓለም በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት በዚህ ጥናት ከተጠየቁት 10,468 አዋቂዎች 332ቱ (3.2 በመቶ) በሕይወት ዘመናቸው ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው እንደነበር ተናገሩ። ከእነዚህ 63 በመቶው ሴቶች ነበሩ። በብዛት የጠቀሱት ምክንያት የትዳርና የቤተሰብ ግጭት ነው። ሰው ቤቱ ድረስ ተሄዶ ሲጠየቅ ይናገራል ማለት ነው።

ግን በምን ቃል ነው የሚጠየቀው? ፍራንክ ኮርትማን የተባሉ ሆላንዳዊ የአእምሮ ሐኪም ከባልደረባቸው ጋር በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ኢትዮጵያውያን ለአእምሮ ጤና መጠይቅ «አዎ» ሲሉ ሁልጊዜ ጠያቂው ያሰበውን ማለታቸው እንዳልሆነ አሳይተዋል። ከራሳችን ቋንቋ ምሳሌ ልስጣችሁ። «ምነው በሞትኩ» የምንለው አንዳንዴ በምሬት ብቻ ነው፤ አንዳንዴ ግን ከልብ ነው። ልዩነቱን የሚያውቀው በቋንቋው ያደገ ሰው ነው።

አሁን ወደ ሐዋሳችን እንምጣ። በከተማችን ሲዳሙ አፎ፣ አማርኛ፣ ወላይትኛ፣ ኦሮምኛና ሌሎችም ቋንቋዎች ይነገራሉ። አንዲት እናት አማርኛ ስለማትችል ባሏ እያስተረጎመላት ብትመረመር አስቡት። ችግሯ ከባሏ ጋር ያለ ግጭት ከሆነ እንዴት ትናገራለች? ካርዷ ላይ «ራስ ምታት» ተብሎ ይጻፍና ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ቁጥሩ ውስጥ አትገባም፤ እርዳታም አታገኝም።

ሞትና ልደት በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ጉዳዩ ሌላውም አገር ዘግይቷል፤ በእንግሊዝና በዌልስ ሐኪም የሚሞላው የሞት ማስረጃ የሟችን ብሔረሰብ መጠየቅ የጀመረው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። በእኔ እምነት በየጤና ተቋማችን ካርድ ላይ ሁለት ነገር ቢጨመር ብዙ ይጠቅማል፦ ታማሚው የሚናገረው ቋንቋ፣ እንዲሁም ማን እንዳስተረጎመለት። ዓላማው «የእነ እገሌ ብሔር ይበዛበታል» ለማለት አይደለም። እንዲህ ያለ አነጋገር ነውሩን ያብሳል፣ ሰዎችም ይደበቃሉ። ዓላማው ምክሩና ባለሙያው በየትኛው ቋንቋ እንደሚያስፈልግ ማወቅ ነው።

ከዚህ ታሪክ ለቤታችን የምንወስደው፦

✅ ልጃችሁ ከሰው ከራቀ፣ እንቅልፍና ምግብ ካጣ፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ» ካለ፣ ስሜቱን በሚገልጽበት ቋንቋ በቀጥታ ጠይቁት፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም፤ ያስተነፍሰዋል።

✅ «አዎ» ካለ አትቆጡት፣ ብቻውን አትተዉት፤ ዛሬውኑ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ተቋም ውሰዱት።

✅ ለምርመራ ስትመጡ ከቤተሰብ ውጪ አስተርጓሚ እንዲፈለግላችሁ ጠይቁ። ለብቻችሁ መነጋገርም ትችላላችሁ።

እናንተም ይህ ሐሳብ የሚመላለስባችሁ ከሆነ በሚቀላችሁ ቋንቋ ለአንድ የምታምኑት ሰው ዛሬ ንገሩ። ሕክምና አለው።